በጠና የታመመ ሰው ስናስታምም የምንሠራቸው ስህተቶች

ወሎ ላይ ለቀብር አንታማም። ቅሬው፣ እንደ እድር ያለው የመንደሩ የቀብር ማኅበር፣ አለ፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ሬሳ ይሸኛል። የሚቸግረን ከዚያ በፊት፣ ሰውየው በሕይወት እያለ ነው።

በሽታውን ከታማሚው መደበቅ። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሐኪሙ ልጆቹን ኮሪደር ላይ ይጠራል። ልጆቹ «ለአባባ እንዳይነግሩብን» ብለው ይለምናሉ። የምርመራው ወረቀት ፍራሽ ሥር ይገባል። አባባ ግን ሹክሹክታውን ይሰማሉ፤ ከአዲስ አበባና ከጅዳ ስልክ ሲበዛም ይገባቸዋል። እሳቸውም «ልጆቼ እንዳይደነግጡ» ብለው ዝም ይላሉ። ሁሉም እያወቀ ይደባበቃል። በዚህ መሀል ዕዳ ያለበት፣ የተቀየመውን ይቅር ሊል የፈለገ፣ የነፍስ አባቱን ወይም ሸሁን የናፈቀ ሰው ጊዜው ያልቃል። ሁሉንም በአንዴ ማፍረጥረጥ አያስፈልግም። «አባባ፣ ሐኪሙ ያለውን ልንገርዎ ወይስ እኛው እንያዘው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መስማት ካልፈለጉም መብታቸው ነው።

«አታሟርቺ» ማለት። እናት «እኔ ስሞት…» ብላ ስትጀምር አፏን እናስይዛታለን። «ምን አሰብሽ እማዬ?» ብንላትስ? ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ለዚህ ወሬ ደህና ሰዓት ነው።

ሞርፊንን፣ ኃይለኛውን የሕመም ማስታገሻ፣ መፍራት። «ቶሎ ይገድላል» ይባላል። ሐኪም ለሕመሙ መጥኖ ሲያዘው ሞትን አያፋጥንም። ሕመም ችሎ ማደር ጀግንነት የሚመስላቸው ሽማግሌዎች አሉና ቤተሰብ ይጠይቅላቸው።

ውሳኔውን ለጭንቅ ቀን ማቆየት። የመተንፈሻ ማሽን ይገጠም? ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በዚያ አቅም ይጓዙ ወይስ ቤታቸው ይሁኑ? ያን ቀን የሚወስነው ድምፁ የጎላው ወይም ብር የላከው ነው። ታማሚው ቀድሞ «እኔ መናገር ካቃተኝ እሷ ትናገርልኝ» ይበል። ሐኪሙም፣ ወንድም እህቱም ይስሙት።

በቃል ኑዛዜ መተማመን። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜ 2 ምስክር ይፈልጋል፤ ተናዛዡ 3 ወር ከቆየ ይፈርሳል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ስጦታም አይሰጥበትም። (ያኔ 500 ብር ብር ነበር!) ቤት ያለው ሰው በጽሑፍ ያድርገው፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው ይፈረማል። ሙስሊም ከሆነ፣ በሸሪዓው ኑዛዜ ከሲሶ እንደማያልፍ ከሸሁ ጋር ይማከር።

አባት ሙስሊም፣ እናት ክርስቲያን በሆኑበት ቤት ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ የት ልቀበር፣ በማን ሥርዓት? ይህን ከራሱ አንደበት ያልሰሙ ልጆች ሬሳ አስቀምጠው ይከራከራሉ።