ቱርክ አፍሪካ ውስጥ ምን እየሠራች ነው? ከኮምቦልቻ ሆኖ በአንድ ደብተር መከታተያ ዘዴ

እዚህ ኮምቦልቻ ቡና ተፈልቶ የቱርክ ነገር ሳይነሳ አይቀርም። «ባቡሩን የሠሩልን ወዳጆቻችን ናቸው» የሚል አለ። «ሶማሊያን ጠቅልለው ይዘዋል፣ ነገ ደግሞ እኛን» የሚልም አለ። እኔ የኅብረተሰብ ትምህርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከሁለቱ አንዱን ይዘው ክፍል ሲገቡ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ለእነሱ የማሳያቸውን ዘዴ ለእናንተም ላካፍል።

መጀመሪያ ደብተር ግዙ። ተራ ደብተር ይበቃል። ስልክ ላይ ያያችሁት ዜና በማግስቱ በሌላ ዜና ይዋጣል፤ በእጅ የጻፋችሁትን ግን ከዓመት በኋላ ገልጣችሁ ታስተያዩታላችሁ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጥቂት ዓመታት ጻፉ፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። 1926፦ ቱርክ አዲስ አበባ ኤምባሲ ከፈተች። ለእኛ የትናንት እንግዳ አይደለችም ማለት ነው። 2005፦ «የአፍሪካ ዓመት» ብላ አወጀች። 2008፦ የመጀመሪያው የቱርክና አፍሪካ ጉባኤ ኢስታንቡል ላይ ተካሄደ። 2011፦ የቱርኩ መሪ ኤርዶዋን ሶማሊያ በረሃብ ላይ ሳለች ሞቃዲሾ ገቡ። ከሥራቸው ሁለት ቁጥር ጨምሩ፦ በ2002 ቱርክ አፍሪካ ውስጥ የነበሯት ኤምባሲዎች 12 ነበሩ፤ አሁን 44 ደርሰዋል። ይህን ገጽ ሳታዩ ወደ ዕለቱ ዜና አትሂዱ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ገጽ ስጡ። በየገጹ አራት ጥያቄ ይኑር፦ ገንዘቡ የማን ነው? ማን ሠራው? ዛሬ ማን ያስተዳድረዋል? ዕዳውን ማን ይከፍላል?

በራሳችን እንሞክረው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ ባቡር ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውሉ የተፈረመው በ2012 ሲሆን ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። ማን ሠራው? ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ። እስከዚህ ሁሉም ያውቃል። ገንዘቡ ጋ ስትደርሱ ግን ቆም በሉ። የቱርክ ኤግዚም ባንክ አበድሯል፤ አብዛኛው ብድር ግን የተገኘው ክሬዲት ስዊስ በተባለው የስዊዘርላንድ ባንክ አስተባባሪነት ከአውሮፓ በኩል ነው። «የቱርክ ባቡር» የምንለው ነገር ትልቁ ገንዘብ የቱርክ አይደለም! ባለቤቱ የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነው። ዕዳውም የእኛው ነው፤ ባቡሩ ቢሄድም ባይሄድም ይከፈላል። ተማሪዎቼ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርሱ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከቤታቸው ወጣ ሲሉ የሚያዩት ሐዲድ ነውና።

እዚሁ ገጽ ላይ ነገሩ የት እንደደረሰ ምልክት አድርጉ። መሪዎች ስለ ነገሩ አወሩ፣ የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ፣ ውል ተፈረመ፣ ገንዘብ ተለቀቀ፣ ሥራ አለቀ፣ አገልግሎት ጀመረ። እነዚህ ስድስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዜና አንባቢ ግን ሁሉንም በአንድ ዓይነት ደስታ ነው የሚያነባቸው። የእኛ ባቡር ሐዲዱ ከተነጠፈ በኋላ የኤሌክትሪክ ኃይል ጉዳይ ለዓመታት ይዞት ቆየ። በ2021 ደግሞ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ የፕሮጀክቱ ንብረት ተዘረፈ። ታዲያ አንድ ባለሥልጣን «ተፈራርመናል» ሲል ከሰማችሁ፣ እርሳሳችሁን አንሱና የትኛው እርከን ላይ እንደሆነ ጻፉ። የመግባቢያ ሰነድ ነው ብላችሁም አትናቁ። በ2024 መጀመሪያ ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው ሰነድ ከሞቃዲሾ ጋር ዓመቱን ሙሉ አጣልቶናል። ያስታረቀን ማን ነው? አንካራ፣ በታኅሣሥ 11፣ 2024። ለማስታረቅ መጠራት ራሱ ትልቅ ተጽዕኖ ነው፤ አንድ ገጽ ይገባዋል።

ቀጣዩ ገጽ ሞቃዲሾ ይሁን፤ ከእኛ ባቡር ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ፍንትው ይላል። የሞቃዲሾን ወደብ ከ2014 ጀምሮ የሚያስተዳድረው አልባይራክ የተባለ የቱርክ ኩባንያ ነው። አውሮፕላን ማረፊያውንም የሚያስተዳድረው ሌላ የቱርክ ኩባንያ ነው። በ2017 ትልቅ የወታደር ማሠልጠኛ ተከፈተ። በ2024 የባሕር መከላከያ ስምምነት መጣ፤ በዚያው ዓመት የነዳጅ አሳሽ መርከባቸው ሶማሊያ ደረሰች። ሦስተኛውን ጥያቄ እዩት፦ «ማን ያስተዳድረዋል?» እኛ ጋ ድርሻቸው መሥራት ነው፤ ባለቤቱ እኛው ነን፤ እዚያ ግን ማስተዳደሩንም ይዘዋል። ሶማሊያዊው ሊያመሰግንም ይችላል፤ ማንም ባልደፈረበት ሰዓት ነው የደረሱለት። «ተጠቃለለች» ለማለት ከመቸኮል በፊት ይህንንም ጻፉ።

ወታደራዊውን ገጽ ባዶ አትተዉት። በነሐሴ 2021 ኢትዮጵያና ቱርክ ወታደራዊ የትብብር ስምምነት ተፈራርመዋል። የቴሌቪዥኑም ነገር ቀላል አይደለም። ከ2016 ጀምሮ በቃና ወደ አማርኛ የተመለሱት የቱርክ ድራማዎች ለብዙ እናቶቻችን ኢስታንቡልን የጎረቤት ሰፈር አድርገውላቸዋል።

ወሬውን ስታጣሩ የአናዶሉ ዜና ወኪልና ቲአርቲ የቱርክ መንግሥት መሆናቸውን አትርሱ። አንብቧቸው፤ ግን ብቻቸውን አይበቁም። ሰፈራችሁ ውስጥ ባቡሩ ላይ የሠራ ብየዳ ሠራተኛ ወይም ሾፌር አይጠፋም። ምን ሙያ እንደቀሰመና ከማን ጋር እንደሠራ ጠይቁት። የትኛውም ዜና የማይነግራችሁን እሱ ይነግራችኋል።

የመጨረሻውን ገጽ ለራሳችሁ አስቀሩ፤ በተለይ 12ኛ ክፍል ያላችሁ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር 10 እስከ የካቲት 20 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች መሆን አለበት። ውጤት ቢያንስ 70 በመቶ፣ ለሕክምና 90 በመቶ ይጠየቃል። የትምህርት ክፍያን፣ መኝታን፣ የወር ገንዘብንና የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርትን ይሸፍናል። ማመልከቻው ነፃ ነው፤ «አስገባላችኋለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁን ሰው አትስሙት።