ልብ አንጠልጣይ ትዕይንት በድምፅ እንዴት ይሠራል? ጣና ዳር ለሚቀርጹ

ተመልካች የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ዓይኑን በእጁ ይሸፍናል፤ ጆሮውን ግን ክፍት ይተወዋል። ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚሠራ ሰው ለካሜራው የሚጨነቀውን ያህል ለድምፁም ይጨነቅ የምለው ለዚህ ነው። ብዙ ፊልሞቻችን ገና በሩ ሳይንኳኳ የኪቦርድ ሙዚቃ ይለቁበታል፤ ተመልካቹ የሚያስፈራውን ነገር ሳይሰማ «ፍራ» ተብሎ ይታዘዛል። ባሕር ዳር ላይ ለሚቀርጽ ሰው ደግሞ ይህ ይበልጥ ያሳዝናል፤ ሐይቁ ራሱ የድምፅ ጎተራ ነውና።

አንድ ትዕይንት ይዘን እንሂድ። ሌሊት ነው። አንዲት ሴት ሐይቁ ዳር ቆማ ዓሣ ሊያጠምድ የወጣ ወንድሟን ትጠብቃለች። ከጨለማው ውስጥ የደንገል ታንኳ ይመጣል። የሚቀዝፈው ግን ወንድሟ አይደለም።

1. መጀመሪያ ሰላሙን ቅዱ

ሰው የሚደነግጠው የለመደው ነገር ሲዛባ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ መልመድ አለበት። ትዕይንቱ በሚካሄድበት ቦታና ሰዓት ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ቅዱ፤ እንቁራሪቱን፣ ድንጋዩን የሚመታውን ውኃ፣ ከከተማው በኩል የሚመጣውን የባጃጅ ድምፅና የውሻ ጩኸት። ይህ ቅጂ የትዕይንቱ ወለል ነው።

በስልክ የምትቀዱ ከሆነ ድምፁን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ማስተካከያ የሚያጠፋ መተግበሪያ ተጠቀሙ፤ አለዚያ ዝምታው ሁሉ እየተነፋ ይሰማል። መሣሪያው ከፈቀደ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን፤ ከፍተኛው ድምፅ በመለኪያው ላይ ከዜሮው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ (-12) ይቆይ። ነፋሱን ለመከላከል ማይኩን በስፖንጅ ወይም ፀጉራም በሆነ ጨርቅ ሸፍኑ።

2. ርቀቱን አታሳውቁ

ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፦ ጸጥ ባለ ጊዜ ከሩቅ ታንኳ ላይ የሚነጋገሩ ሰዎች አጠገብህ ያሉ ይመስላሉ። ውኃ ለጥ ያለ ስለሆነ ድምፅን ብዙም አይውጥም። ከውኃው አጠገብ ያለው አየር ከላዩ ካለው ሲቀዘቅዝ ደግሞ፣ ድምፅ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ቀስ ስለሚል፣ ወደ ላይ ከመሄድ ይልቅ ወደ ታች ይታጠፍና ሩቅ ይደርሳል። ለእኛ ሥራ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ሴትዮዋ ቀዛፊውን ትሰማለች፤ ቅርብ ይሁን ሩቅ ግን ልታውቅ አትችልም።

በኤዲቲንግ ጊዜ የመቅዘፊያውን ድምፅ መጀመሪያ ቀጭን ቀጭኑን ቆርጣችሁ፣ ዝቅ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ሩቅ ያለ ነገር እንዲያ ነው የሚሰማው። ከዚያ ቀስ በቀስ መልሱለት። ዓይን ጨለማ ብቻ እያየ ጆሮ ታንኳው እየደረሰ መሆኑን ይረዳ። የድምፅ ማቀናበሪያው አውዳሲቲም ሆነ የቪዲዮ ማቀናበሪያው የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ ለዚህ በቂ ናቸው።

3. ምቱን አስለምዱ፣ ከዚያ አጉድሉ

ሳፋ ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ በጠፍጣፋ እንጨት ቅዘፉ፤ ከጎኑ ደረቅ ደንገል እያሻሻችሁ የታንኳውን ሲጥሲጥታ ቅዱ። ምቱን እኩል አድርጋችሁ ደርድሩት። ተመልካቹ ሳያውቀው መቁጠር ይጀምራል። ሲለምደው አንዱን ምት አውጡት። ቀዛፊው ለምን አቆመ? አይቷት ይሆን? ምንም ሙዚቃ ሳይኖር ልቡ ይንጠለጠላል። ብዙዎች የሚጣደፉት እዚህ ላይ ነው፤ ምቱ ከመጉደሉ በፊት ለመለመድ ጊዜ ይፈልጋል።

4. ዝምታው ምክንያት ይኑረው

እንቁራሪት ሰው ሲቀርባት ጩኸቷን ታቆማለች። ይህን የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ እናንተ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። መቅዘፊያው ከቆመ በኋላ በአንድ በኩል ያሉት እንቁራሪቶች ብቻ ዝም ይበሉ፤ ከዚያ በሌላው በኩል ያሉት። አንድም ሰው ሳይታይ የሆነ ነገር እየዞረ መሆኑን ነገራችሁት።

ድምፁን ግን ዜሮ አታድርጉት። ሙሉ ባዶ ከሆነ ተመልካቹ ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ወለሉን ስስ አድርጋችሁ ተዉት፤ ላዩ ላይ የሴትዮዋ ትንፋሽና የነጠላዋ ኮሽታ ብቻ ይሰማ።

5. ሙዚቃ ያስፈልጋል ወይ?

አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣውን «ሳይኮ» ሲሠራ የመታጠቢያ ቤቱን ግድያ ያለ ሙዚቃ ነበር ያሰበው። አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን ግን በባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ የሚጮኸውን ሙዚቃ ጽፎ አሰማውና ሐሳቡን አስቀየረው። ያው ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ1963 «ዘ በርድስ»ን ሲሠራ ደግሞ የተለመደውን የፊልም ሙዚቃ ትቶ፣ ትራውቶኒየም በተባለ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በተፈጠሩ የወፍ ድምፆች ሠራው፤ ኸርማንም የድምፅ አማካሪ ነበር። እንግዲህ ሙዚቃ ግዴታ አይደለም፣ ክልክልም አይደለም፤ ትዕይንቱ ሲጠይቅ ይገባል።

ከገባ ማሲንቆ እመርጣለሁ። ደጋኑን ጫን ብላችሁ ቀስ አድርጋችሁ ስትጎትቱት ሻካራ ድምፅ ያወጣል። የሰው የጭንቅ ጩኸት የሚያስደነግጠን በዚህ ሻካራነቱ ነው፤ ኃይሉ በሰከንድ ከ30 እስከ 150 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ይላል፣ ተራ ንግግር ግን ከዚህ በጣም በዘገየ ፍጥነት ነው የሚለዋወጠው። በገናም ከክሮቹ ሥር በሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዝራው፣ የተነሳ ይነዝራል፤ ነገር ግን የጸሎት መሣሪያ ነውና ለማስፈራሪያ ባይውል ደስ ይለኛል። የዘጌንና የደሴቶቹን ገዳማት ደወል ለመቅዳት የምታስቡም አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

6. ወፍራሙ ድምፅ

የሰው ጆሮ ከ20 ኸርዝ (በሰከንድ 20 ንዝረት) በታች ያለውን እምብዛም አይሰማም፤ ከዚያ በላይ ያለው ወፍራም ድምፅ ግን ደረት ላይ ይሰማል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ የጉማሬን ድምፅ መቅዳት ትችላላችሁ፤ አደገኛ እንስሳ ነውና ከሩቅ፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሁን። ቅጂውን ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሱት ኸርዙም በግማሽ ይወርዳል፤ ጉማሬነቱ ይጠፋና ከውኃው ሥር የሚመጣ ነገር ይሆናል። ሴትዮዋ ወደ ኋላ ስትዞር በጣም ዝቅ አድርጋችሁ አስገቡት።

7. የሚያስደነግጠው አንድ ጊዜ ብቻ

ታንኳው ድንጋዩን «ጓ!» አድርጎ ሲመታ ተመልካቹ ይዘላል። እንዲዘል ድምፁን ማጋነን አያስፈልግም፤ ከእሱ በፊት ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ዝቅ ማድረግ ይበቃል። በአንድ ትዕይንት ሁለተኛ ጊዜ ከደገማችሁት አይሠራም።

8. በምን እንደሚሰማ አስቡ

ተመልካቻችሁ ፊልሙን በአብዛኛው የሚያየው በስልክ ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን በቅጡ አያወጣውም፤ የጉማሬው ነገር ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ያንኑ ድምፅ ገልብጣችሁ፣ በ200 እና በ400 ኸርዝ መካከል እንዲሰማ ከፍ አድርጋችሁ ደርቡበት። ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ፣ በቴሌቪዥን፣ በስልክም አዳምጡት። በመጨረሻ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ምስሉን ሸፍናችሁ ድምፁን ብቻ አሰሙት፤ ቀዛፊው የት እንደቆመ ጠይቁት። «ከኋላዋ» ካላችሁ ጨርሳችኋል፤ አላውቅም ካለ ወደ እንቁራሪቶቹ ተመለሱ።