ልጅ እየጠበቅሽ ደጅ ስትጠኚ

እህቴ፣ ይህን የምጽፈው ጸሎቴ ተመልሶልኝ አይደለም። እኔና ባለቤቴም ገና ልጅ እየጠበቅን ነው።

መጀመሪያ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1ን ቀስ ብለሽ አንብቢ። ሐናን ሁላችንም በእንባዋና በስእለቷ እናውቃታለን። እኔን የያዘኝ ግን ቁጥር 18 ነው። ጣውንቷ ፍናና ስታስቆጣት እህል አልቀምስ ብላ የነበረችው ሴት ጸልያ ስትጨርስ ሄዳ በላች። ፊቷም ከዚያ ወዲያ ያዘነ አልመሰለም። ገና አልፀነሰችም እኮ! ስለዚህ አልቅሰሽ ከጸሎት ስትነሺ ቁርስሽን ብዪ። ሥራሽ ሂጂ። የጀመርሽውን ትምህርት "ልጅ ሲመጣ" ብለሽ አታቋርጪ።

ጸሎትሽን ለስሜትሽ አትተዪው። እኔን ያቆመኝ የዕለት ዳዊት ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150 ላይ ያበቃል። ሁሉን ማድረስ ካቃተሽ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር ብቻ ያዢ። የራስሽ ቃል ሲያልቅብሽ ጥቅሙ ይገባሻል። ሰኞ ዳዊት "እስከ መቼ?" እያለ ይጮኻል፤ ማክሰኞ ደግሞ ደጅ ጠንቶ እንደተሰማ ይናገራል። "ለምን ዘገየህ?" ማለት ድፍረት ከመሰለሽ፣ ዳዊትም "አትዘግይ" ብሎታል።

ከባዱ አቋራጭ መንገድ ሲመጣ ነው። ሣራ በከነዓን 10 ዓመት ተቀምጣ ሲሰለቻት አጋርን ለባሏ ሰጠች። እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86፣ ይስሐቅ ሲወለድ 100 ዓመቱ ነበር። በመሀል ቤቱ ታመሰ፤ አጋርም ብዙ አለቀሰች። እኛ ሰፈር አቋራጩ በሹክሹክታ ነው የሚመጣው፦ "አንድ አዋቂ አለ፣ ስንቱን አስወልዷል።" የሚነግርሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድሽ ሰው ነው። ስለዚህ መልሱን ከባልሽ ጋር አስቀድማችሁ ወስኑ። እኛ "ደጅ የምንጠናው አንዱን ነው" እንላለን፤ ወሬው እዚያው ያበቃል።

ሐኪም ቤት መሄድ ግን አቋራጭ አይደለም። ጠበል እየተጠመቅሽም ቢሆን መድኃኒትሽን አታቋርጪ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እንኳ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ባልሽም ይመርመር፤ ችግሩ ሁልጊዜ የሴቷ አይደለም።

በለቅሶ ሰዓት የማትከፍዪውን ስእለት አትሳዪ።

የሰው ልጅ ክርስትና ስትጠሪ ሂጂ። ከከበደሽ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ተገኚና ድግሱን ተዪው። አራሷን ግን "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሳትያት አትቅሪ። እናቶች "ዓይንሽን በዓይንሽ ያሳይሽ" ሲሉሽም ነቀፋ አድርገሽ አትስሚው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ "አሜን" በያቸው።