ሐረር ጀጎል ውስጥ ቤት ልትሰሩ ነው? ፕላኑን ከቶሮንቶ አትላኩ

ሰሞኑን ሶስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ጀጎል፣ ግንቡ ውስጥ ባለው አሮጌው ከተማ፣ የአባቴ ግቢ አለ፣ አሮጌው ክፍል ፈርሷል፣ ጂ ፕላስ ዋን ላቆምበት ነው ምን ትላለህ? እኔ የምለው መጀመሪያ ሰው ሄዶ ግቢውን ይለካ፣ የጎረቤቱን ግድግዳ ጭምር፣ ፕላን ከዛ በኋላ ነው።

እኔ ተቀጥቼበታለሁ። አዲስ አበባ አንድ ልጅ ቆንጆ ፕላን ሳለልኝ፣ ትልልቅ መስታወት፣ ወደ መንገዱ ባልኮኒ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ብር ላክሁ። ወንድሜ በቪዲዮ ሲያሳየኝ የላይኛው መስኮት ቀጥ ብሎ የሚያየው ጎረቤታችን እናት ልብስ የሚያሰጡበትን ግቢ ነው። አልተቆጡም፣ ስልኩን ተቀብለው "ልጄ፣ እኔ እዚህ ያለ ሻሽ ነበር የምቀመጠው" አሉኝ፣ በቃ። መስኮቱ ተደፈነ፣ ብሩም አብሮ ተደፈነ ማለት ነው።

የጀጎል ቤት ፊቱን ለመንገድ አይሰጥም። ውጪው ዝም ያለ የድንጋይ ግድግዳና አንድ በር ነው፣ ጌጡ ውስጥ ነው ያለው፤ ግድር ጋር፣ ዋናው ሳሎን፣ ስትገቡ በቀይ አፈር የተቀቡት 5ቱ ነደባዎች (መቀመጫ መደቦቹ) ከፍና ዝቅ ብለው፣ ግድግዳው ውስጥ ታቃቶቹ (የዕቃ ማስቀመጫ ጎድጓዶቹ)፣ ሳህኑና ስፌቱ ተደርድሮ። አርክቴክታችሁ እዛ ነደባ ላይ አንድ ቀን ተቀምጦ ቡና ካልጠጣ አታስሉት። ፎቅ ክልክል ነው እያልኩ አይደለም፣ ከ1879 ዓ.ም (በእኛ አቆጣጠር) በኋላ የመጡት የህንድ ነጋዴዎች ባለ ፎቅ ቤት ሰርተዋል፣ በረንዳውን ግን ወደ ራሳችሁ ግቢ አዙሩት።

ከተማው ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው፣ የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ያለ ፈቃድ አትንኩ ይላል፣ ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ንድፉን ይዛችሁ የክልሉ ቅርስ ቢሮ ግቡ። ዩኔስኮ የሚያማርረው ነገር ደግሞ ትልቅ ፎቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የእንጨት በር በብረት መቀየሩ፣ ቆርቆሮ ጣራው፣ ልስኑ፣ የቲቪ አንቴናው ሁሉ ተጠቅሷል። አሮጌ ግድግዳ የቀረላችሁ ካለ ሲሚንቶ አታስለስኑት፣ በጭቃ የተገነባ ድንጋይ እርጥበቱን ማውጣት አለበት፣ ከታፈነ ውስጥ ለውስጥ ይበላል።

አገር ቤት ለሚያሰራላችሁ ሰው በምትሰጡት ውክልና ላይ "ቤት ለማሰራት፣ የግንባታ ፈቃድ ለማውጣት፣ ቅርስ ቢሮና ማዘጋጃ ቤት ቀርቦ ለመፈረም" ብላችሁ በስም ዘርዝሩ፣ "ለመሸጥ ለመለወጥ" የምትለዋን ግን የገዛ ወንድማችሁም ቢሆን አታስገቡ (ወንድሜ ይህን እንዳያነብ)። ኤምባሲ አስረጋግጣችሁ ላኩት፣ አገር ቤት ውጭ ጉዳይ ከዛ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ ቢጫ ካርዱን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) ቀድማችሁ ጨርሱ።

የማጓጓዣ ሂሳብ ሲላክላችሁ ደግሞ ሌባ ነው ብላችሁ አትጩሁ፣ መኪናው ሰፊው መንገድ ላይ ያራግፋል፣ ከዛ በኋላ አሸዋውም ድንጋዩም በአህያና በሰው ጀርባ ነው፣ እሱን ለብቻው አስይዙት። ፎቶ ሲላክም ሜትር ተዘርግቶ ይነሳ፣ አለዚያ የሁሉም ሰው ግድግዳ አንድ ነው የሚመስለው። ብሩን በየደረጃው ልቀቁ።

የውሃ ሮቶዋን ጣራ ላይ እንዳታስቀምጡ ብቻ። የኔ ግቢ ጥግ ደረጃው ስር ናት፣ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋታል፣ መብራት ሲጠፋ በባልዲ ነው።