ሞዴል 22 ለቤት ዕቃ፦ ከግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ለሚገቡ

31 ዓመት በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 በሚባል ደረሰኝ፣ ሲወጣ ሞዴል 22 በሚባል ቅጽ፤ ሰኔ 30 ሲደርስ ቆጠራ፤ አገልግሎቱን የጨረሰውን ደግሞ በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ማስወገድ። የመሥሪያ ቤት ንብረት በካርድ ስቆጣጠር የኖርኩት ሴትዮ፣ በ2015 ዓ.ም. ጉለሌ ያለውን ግቢያችንን ሸጠን ጀሞ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ልገባ ስነሣ፣ በገዛ ቤቴ ስንት ጀበና እንዳለ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ትልቋ ልጄ አሜሪካ፣ ታናሽዋ ሐዋሳ ናቸው። ግቢው ውስጥ ዋናው ቤት፣ ሦስት ክፍል ሰርቪስ፣ ማድ ቤትና ባለቤቴ «ስቶር» እያለ የሚጠራው የቆርቆሮ ቤት ነበር። አዲሱ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም።

እንደ እኔ ከሰፊ ወደ ጠባብ የምትገቡ ካላችሁ፣ የበጀኝንም ያልበጀኝንም እነሆ።

ዕቃ ከመምረጣችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ አዲሱን ቤት ለኩ። ክፍሉን ብቻ ለክታችሁ እንዳትመለሱ፤ እኔን የጎዳኝ እሱ ነው። በ1979 ዓ.ም. አናጺ ግቢያችን ድረስ መጥቶ ከዋንዛ የሠራው ቡፌ ነበረን። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ10፣ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፤ አንድ ወጥ ስለሆነ አይፈታም። የአዲሱ ሳሎን ግድግዳ 3 ሜትር ከ40 መሆኑን ለክቼ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ደረጃውን ግን አልለካሁም። በተዘዋወርንበት ቀን አራት ጎልማሶች ተሸክመውት ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ቡፌው አልዞር አለ። አጋደሉት፣ አቆሙት፤ አንዱማ «እናቴ፣ ከላይ ትንሽ ብንቆርጠውስ?» አለኝ። እንጀራ ይዛ የምትወጣ ጎረቤት ከሥሩ አጎንብሳ አለፈች፤ እንኳን ደህና መጣሽ ያለችኝም እዚያው እንዳጎነበሰች ነው። ከአንድ ሰዓት ትግል በኋላ ቡፌው ወረደ፣ ሕንፃው ሥር ላስቲክ ለብሶ አደረ፣ በማግሥቱ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው የተሸካሚዎቹን ሒሳብ እንኳ በማይመልስ ዋጋ ወሰደው።

ስለዚህ የደረጃውን ስፋት፣ የመታጠፊያውን ስፋትና የበሩን ስፋት ለኩ። ቁጥር መጻፍ ለሚሰለቸው ሰው ሲባጎ ይበቃል፦ አንዱን በበሩ ልክ፣ አንዱን በመታጠፊያው ልክ ቆርጣችሁ ወደ አሮጌው ቤት ይዛችሁ ሂዱና እያንዳንዱ ትልቅ ዕቃ ላይ አስጠጉት። አልጋና ቁም ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ ይፈታሉ። የማይፈታ ዕቃ ከሲባጎው ካለፈ፣ ጉዳዩ ግቢ ውስጥ እያላችሁ ቢያልቅ ይሻላል፤ ዋጋውንም ያኔ ነው መደራደር የምትችሉት።

ቀጥሎ ቆጠራ። አንድ ደብተር ውሰዱና አራት ዓምድ አስምሩበት፦ ዕቃው፣ ብዛቱ፣ ተቀባዩ፣ ቀኑ። በክፍል በክፍል አትቁጠሩ፤ በዓይነት ቁጠሩ። ብርድ ልብስ ከሆነ ከየክፍሉ፣ ከየሣጥኑ፣ ከየአልጋው ሥር አውጡና አንድ ላይ ከምሩት። ሰርቪስ ያለው ጀበና ዋናው ቤት ካለው ጀበና ጋር ተገናኝቶ ስለማያውቅ፣ ሁልጊዜ ሁለት ጀበና ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ስደረድራቸው ስድስት ሆኑ፤ አንዱ አንገቱ የተሰበረ። ሲኒ 84፣ ጀሪካን 17። ቁልፍ ብቻውን 41 ፍሬ ተገኘ፤ የሚከፍቱትን መቆለፊያ የሚያውቀው ባለቤቴ ነበር።

ከሁሉም ዓምድ የሚከብደው «ተቀባይ» የሚለው ነው። በመሥሪያ ቤታችን ግምጃ ቤት አንድ ጥግ ነበር፤ ስሙ «ለጊዜው»። የት እንደሚሄድ ያልተወሰነ ዕቃ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። እኔ ስቀጠር እዚያ ያገኘሁትን ባለ ሦስት እግር ወንበር ጡረታ ስወጣም እዚያው ትቼው ወጣሁ። ቤትም እንደዚያው ነው። «ይሄ ይሄዳል» ብላችሁ ወደ ጎን ያደረጋችሁት ነገር፣ የሚወስደው ሰው ስምና የሚወስድበት ቀን ካልተጻፈበት አይሄድም፤ ከእናንተ ጋር አይሱዙ ላይ ይወጣል። «ሌላ ጊዜ» እና «ማየት ነው» ተቀባይ አይደሉም። ስም የሌለው መስመር በደብተሬ ላይ ካለ ማታ አልተኛም ነበር፤ እናንተ እንኳ ተኙ፣ ግን ጠዋት ስልክ ደውሉ።

የት ልስጠው ለሚለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ መውጫው ብዙ ነው። ትልልቁን ብረት ድስት፣ አግዳሚ ወንበሮቹንና ከሠላሳ በላይ ሳህን ለዕድራችን አስረከብኩ፤ ገንዘብ ያዡ ተቀብሎ ፈረመ። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ የለቅሶው ምግብ በዕድሩ ድስት ስለተሠራ ይኼኛው መስመር አላሳሰበኝም። አልባሳትና ብርድ ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ለመቄዶንያ ሄደ፤ የተቀደደውን አትላኩ፣ ለመስጠት የሚያሳፍር ነገር የሚሄደው ወደ ቆሻሻ ነው። ብረታ ብረቱን፣ ጠርሙሱንና የተበሳውን በርሜል ለቁራሌው። ብዙ ብረት ካላችሁና ሰው ካገኛችሁ ምናለሽ ተራ ድረስ መላኩ ያዋጣል፤ እዚያ አሮጌ ብረት ምድጃም ማጠፊያም ሆኖ ይወጣል።

ልዋጭ ላይ ተጠንቀቁ። የባለቤቴን ሦስት ሙሉ ሱፍ ይዤ በር ላይ የጠራሁት ልጅ ጨርቁን አገላብጦ፣ ብብቱን አይቶ፣ ክሩን ስቦ፣ «ማዘር፣ ለእነዚህ አንድ ትልቅ ሳፋ» አለኝ። አንድ ሱፍ ሲቀር ሁለት ሳፋና አንድ ማንቆርቆሪያ ድረስ ተደራደርን። አሸንፌ ገባሁ። ሳፋዎቹን ማድ ቤት ሳስቀምጥ ነው ትዝ ያለኝ፦ ዕቃ ላስወጣ ወጥቼ ዕቃ አስገብቼ ተመለስኩ። ከልዋጭ ጋር በገንዘብ ብቻ ተነጋገሩ፤ ካልሆነ ለሰፈር ዘበኛ ስጡት፣ ሱፉን እሁድ ለብሶት ታዩታላችሁ።

አሁን ወደ አደራ ልምጣ፤ በእኛ አገር ቤት ከሚያጣብበው ዕቃ ግማሹ የእኛ አይደለም። ስቶሩን ስከፍት የወንድሜ ልጅ የብስክሌት ጎማ፣ የቀድሞ ተከራይ ፍራሽ፣ የማኅበራችን ጋን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእህቴ ልጅ በ2003 ዓ.ም. ቤይሩት ስትሄድ «እቴቴ፣ ስመለስ እወስዳለሁ» ብላ የተወችው ሻንጣ ወጣ። አደራን ዝም ብሎ መጣልም፣ ዝም ብሎ ይዞ መዞርም አይሆንም። እኔ እንዲህ አደረግኩ፦ ለሁሉም ደወልኩ፣ ቀን ሰጠሁ፣ በቀኑ ካልመጣ ለማን እንደምሰጠው በስልክ ነገርኳቸው፣ ታናሽዋ ልጄ አጠገቤ ሆና ሰማች። ፍራሹን የሚጠይቅ አልመጣም። ሻንጣውን ግን በቪዲዮ እያየችኝ ከፈትኩት። አንድ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ቁጥር 36 ጫማ፣ የስምንተኛ ክፍል ደብተሮች። ጫማውን ሳነሣው ሳቀች፤ እግሯ አሁን 39 ነው። «ለማንም ስጪው፤ ደብተሮቹን ብቻ ያዢልኝ» አለች። ሻንጣ የነበረው አደራ አንድ ፌስታል ሆነ፤ ጀሞ ድረስ አብሮኝ መጥቷል።

ልጆችም አደራ አስቀማጮች ናቸው። ትልቋ በስልክ ያሳየኋትን ሁሉ «እማዬ፣ እንዳትሰጪው!» ትላለች፤ ከራሷ ቤት ቢሆን አውጥታ የምትጥለውን ጭምር። ለ22 ዕቃ ፎቶ አንሥቼ ላክሁላትና «እስከ ሚያዝያ 30 ስምሽን ያልጻፍሽበት ይሄዳል፤ የጻፍሽበትን ደግሞ የሚያመጣልሽ ሰው ፈልጊ» አልኳት። የመንገደኛ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፤ 23 ኪሎ ጥሩ ዳኛ ነው። የአያቷን ስድስት ሲኒ፣ አንድ ቡልኮና የአባቷን ሰዓት ወሰደች፤ ሌላውን ተወችው።

የማይጣለውንም ልንገራችሁ፤ ውጭ አገር ያሉት ልጆቻችን ይህን አያውቁትም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ቆሻሻ አይደለም። ከ17ቱ ስድስቱን ንጹሑን መርጬ ይዣለሁ፤ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜልም አለኝ። እሱ ሲሞላ 200 ኪሎ መሆኑን አትርሱ፤ በረንዳ ላይ አታስቀምጡት። የከሰል ምድጃውም ይኑር፤ መብራት ሲጠፋ ቡናው አይቀርም፤ ግን በር ሳትከፍቱ እንዳታቀጣጥሉት። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ማድ ቤቴን ግማሽ ስለሚወስድ ከፎቅ ጎረቤቴ ጋር በአንድ ምጣድ በፈረቃ እንጋግራለን፤ የእኔ ሐዋሳ ሄደ። ጤፍ ኩንታል መግዛት ትቻለሁ፤ 25 ኪሎ እያስፈጨሁ ነው። መጀመሪያ ላይ ቤቱ ባዶ የሆነ መሰለኝ፤ እናቴ ብታየኝ ረሃብ የገባ ይመስላት ነበር።

ካርታ፣ የሽያጭ ውል፣ የወራሽነት ማስረጃ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ መኪና ላይ አይጫንም። በአንድ ቦርሳ ሆኖ ከእናንተ ትከሻ አይወርድም።

ስለ ጫኝና አውራጅ አንድ ነገር፦ ግቢ በር ላይ የጫኑት ሰዎች ፎቅ ድረስ እንደሚያወጡልኝ ተዋውዬ ነበር። ስንደርስ «እዚህ ማውረድ የእኛ ተራ ነው» የሚሉ ሌሎች ቆመው ጠበቁን፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ፤ ያውም ወርዶ ለተመለሰ ቡፌ። አንድ ቀን ቀድማችሁ ሂዱና የሕንፃውን ዘበኛና የነዋሪዎች ኮሚቴ ስለ አሠራሩ ጠይቁ፤ ዋጋውንም በፎቅ ቁጥር ቁረጡ።

ስቶሩ ውስጥ የቀረው ወፍጮና መጁ ብቻ ነበር፤ አያቴ የፈጨችበት ድንጋይ። ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጣው ሰው አልተገኘም፤ በደብተሩ ላይ ተቀባይ ያጣ ብቸኛው መስመር ነው። ግቢውን የገዙት ሰዎች «እዚሁ ይቀመጥ፣ እትዬ፤ ሲናፍቅዎ መጥተው ያዩታል» አሉኝና ስማቸውን ጻፍኩ። ባለፈው ስሄድ መጁን በር ማስደገፊያ አድርገውታል። ምንም አላልኩም።

ልማዱ አልለቀቀኝም፤ ጀሞም ሰኔ 30 ቆጠራ አደርጋለሁ። ዘንድሮ ጀሪካኑ ስምንት፣ ሳፋው አራት ሆኖ ተገኘ። በማን ፈቃድ እንደገቡ ሞዴል 19 የለም።