የኢኮኖሚ ትንበያ ሲስት፦ ከተንባዩ በፊት መጠይቁን መፈተሽ

ባለሙያዎች ስለ ዋጋ ንረት ወይም ስለ ዕድገት የሰጡት ትንበያ ሲስት ጣት የሚቀሰረው ሰዎቹ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጥያቄው እንዴት እንደቀረበ፣ መላሹም ከመልሱ ምን እንደሚያገኝ ይታይ።

ምልክት፦ መልሶቹ ሁሉ አንድ ቁጥር ዙሪያ ተጨናንቀዋል
ብዙውን ጊዜ ጣጣው ስም ነው። ትንበያው ከነስሙ ሲወጣ ብቻውን የሳተ ይጠየቃል፤ ከሌሎች ጋር አብሮ የሳተን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ስሙን በቋሚ መለያ ቁጥር ተኩት፤ ያለፈውን ዙር አማካይም መጠይቁ ላይ አታስፍሩ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረውና ከ1990 ወዲህ የፊላደልፊያ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የሚያካሂደው የሩብ ዓመት ጥናት የየሰዉን መልስ ይፋ የሚያደርገው በመለያ ቁጥር ነው። ፈውሱ ግን ሙሉ አይደለም፤ ተንባዩ ለደንበኞቹ የሚሸጠውን ቁጥር እዚህም ሊደግመው ይችላል።

ምልክት፦ አንዳንዶች ከጫፍ አይጠፉም
ሽልማቱ ለአንደኛ ብቻ ከሆነ መሀል የቆመ ከብዙዎች ጋር ይሻማል፤ ጫፍ የያዘ ግን ከቀናው ለብቻው ይወስዳል። የነጥብ አሰጣጡን ቀይሩ፤ ሆኖም በጥንቃቄ። ኢኮኖሚው የመኮማተር ዕድሉ 70 በመቶ ነው ብሎ የሚያምን ባለሙያ አለ እንበል፤ ከተኮማተረ ውጤቱ 1፣ ካልተኮማተረ 0 ይባላል፣ ስህተቱም ከጻፈው ቁጥር እስከ ውጤቱ ያለው ርቀት ነው። ቅጣቱ የስህተቱ መጠን ራሱ ከሆነ፣ ያመነበትን 0.7 ሲጽፍ የሚጠብቀው ቅጣት 0.42 ነው፤ 1 ቢጽፍ ግን 0.30 ብቻ። ደንቡ ራሱ አጋን ይለዋል ማለት ነው። ስህተቱ በራሱ ተባዝቶ ሲቀጣ ነገሩ ይገለበጣል፦ 0.7 የጻፈ 0.21፣ 1 የጻፈ 0.30። ክፍያውን በብዙ ዙር ከተጠራቀመው ነጥብ ጋር በቀጥታ አያይዙ። ነጥቡን ወደ ደረጃ ቀይራችሁ አንደኛውን ብቻ ከሸለማችሁ ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ።

ምልክት፦ ዕድሉ መጨረሻው ክልል ላይ ተቆልሏል
መላሹ ለእያንዳንዱ ስንት በመቶ ዕድል እንዳለው እንዲጽፍ በመጠይቁ የቀረቡት የቁጥር ክልሎች አልበቁም። በ2009 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ መጠይቅ ላይ ለዕድገት የተሰጠው የመጨረሻ ዝቅተኛ ክልል «ከ-1.0 በመቶ በታች» የሚል ነበር። ብዙ ዕድል እዚያ ተከማቸ፤ ምን ያህል በታች እንደሆነ ግን ከመልሱ ማንበብ አልተቻለም። ባንኩ ኋላ ወደ ታች ክልሎች ጨመረ። ክፍት ክልል (በአንድ ወገን ወሰን የሌለው) ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ ዕድል ሲገባ ለቀጣዩ ዙር ክልል ጨምሩ፤ የነባሮቹን ስፋት ግን አትንኩ፣ ካለፈው ጋር ማነጻጸር ይበላሻልና።

ምልክት፦ ነጠላው ቁጥር ከዕድሎቹ ጋር አይገጥምም
የተፈለገው አማካይ ይሁን፣ ሚዲያን (ዕድሉን እኩል ለሁለት የሚከፍለው ቁጥር) ይሁን ወይስ ዕድሉ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር፣ መጠይቁ አልተናገረም። በአንድ መስመር ጻፉት።

ምልክት፦ አማካዩ ዘሏል፣ ሐሳቡን የቀየረ ግን የለም
መላሾቹ ተለዋውጠዋል። ለውጡን በሁለቱም ዙር በመለሱት ላይ ብቻ አስሉ።

ምልክት፦ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሁሉም ጎበዝ ይሆናል
«የዘንድሮ ዕድገት ስንት ይሆናል?» ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው መረጃ ቀድሞ ወጥቷል። ሁልጊዜ የሚቀጥሉትን 12 ወራት ጠይቁ፤ ስህተቱንም መጀመሪያ ይፋ በሆነው አሃዝ ለኩ፣ ከዓመታት በኋላ በተከለሰው አይደለም።