የዘመድ ልጅ በፎስተር ኬር ስትረከቡ፦ በአሜሪካ የመንግሥት ድጋፍ እንዴት ይገኛል?

ስቴቱ ልጅን ከወላጆቹ ወስዶ ለጊዜው ሌላ ቤት ሲያስቀምጥ (ፎስተር ኬር የሚባለው ይህ ነው) ዘመድ ያፈላልጋል። ስልኩ ሲደወል የእኛ ሰው «እንዴት እምቢ እላለሁ» ብሎ ይቀበላል፤ ገንዘብ መጠየቅ ግን በልጅ መነገድ ይመስለውና ያፍራል። መንግሥት የሚሰጠው ክፍያ የተመደበው ለልጁ ምግብ፣ ልብስና መኝታ ነው። ስለዚህ ጠይቁ።

መጀመሪያ፣ ምንም ሳትፈርሙ ሶሻል ወርከሩን «ልጁ አሁን በማን ኃላፊነት ሥር ነው?» በሉት። ፍርድ ቤት ልጁን ለስቴቱ ሰጥቶት እናንተም የፎስተር አሳዳጊነት ፈቃድ ካወጣችሁ ወርሃዊ የፎስተር ክፍያ አለ። «በቤተሰብ ስምምነት ውሰዱት» ከተባላችሁ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀራችሁ ለልጁ ብቻ የሚሰጠው ታኒፍ (TANF፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) ነው፤ እሱ ደግሞ ከፎስተር ክፍያው በጣም ያንሳል። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ቀጥሎ ፈቃዱ። በብዙ ስቴቶች ቤት ውስጥ የሚኖር አዋቂ ሁሉ አሻራ ይሰጣል፤ ሳሎን የሚያድረው የአክስት ልጅም ክፍል የተከራየውም ይቆጠራል። እነሱን ሳይናገሩ መቅረት ፋይሉን ያዘገያል። የጭስ ማስጠንቀቂያ፣ የልጁ አልጋ፣ የተቆለፈ የመድኃኒት ሳጥን አዘጋጁ። በ2023 የወጣው የፌዴራል ደንብ ስቴቶች ለዘመድ ቀለል ያለ መስፈርት እንዲያወጡ ፈቅዷል፤ በዚህ መንገድ ፈቃድ ያገኘ ዘመድም ከባዳው እኩል ይከፈለዋል። «ለዘመድ የተለየ ፈቃድ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ልጁን ስትረከቡ የሚሰጣችሁን ደብዳቤ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፤ ብዙ በር የሚከፍተው እሱ ነው። ለሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ያስፈልጋል። ትምህርት ቤትም ለፎስተር ልጅ የነፃ ምሳ ያለ ገቢ ማስረጃ ይሰጣል። ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ዊክ (WIC፣ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጥ የምግብ ድጋፍ) ጠይቁ፤ ፎስተር ልጅ ብቻውን እንደ አንድ ቤተሰብ ስለሚቆጠር የእናንተ ደሞዝ አይታይም።

ፉድ ስታምፕ (ለምግብ መግዣ የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ) ላይ ልጁን የማስገባትና ያለማስገባት ምርጫው የእናንተ ነው፣ ስሌትም ይፈልጋል። አራት ሆናችሁ የምትኖሩ ከሆነ ልጁን ስታስገቡ አምስት ትሆናላችሁ፤ ያኔ የፎስተር ክፍያውም ገቢ ሆኖ ይደመራል። ካላስገባችሁት ክፍያውም አይቆጠርም። ሁለቱንም አስልታችሁ ወስኑ።

በታክስ በኩል፣ በስቴቱ ወይም በሕጋዊ ድርጅት በኩል የሚመጣው የፎስተር ክፍያ በአብዛኛው ታክስ የለበትም። ልጁ ከዓመቱ ግማሽ በላይ አብሯችሁ ከኖረ ጥገኛ አድርጋችሁ ልታስመዘግቡትም ትችሉ ይሆናል፤ የታክስ ባለሙያችሁን ጠይቁ።

ልጁ ጎረምሳ ከሆነ ስትረከቡት የተሰጣችሁን ደብዳቤ አትጣሉት። 13 ዓመት ከሞላው በኋላ ፎስተር ኬር ውስጥ የነበረ ተማሪ ፋፍሳ (FAFSA፣ የኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ) ሲሞላ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም፤ ኮሌጁ ግን ማስረጃ አምጣ ሊለው ይችላል።